ለባዶ ሜዳ የሰገደችው ልጄ

ረቡዕ ዕለት ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። አትላስ አካባቢ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ፤ የዚያን ቀን እንግዳ ስላልነበረ አለቃዬ ወደ ቤትሽ ሂጂ አሉኝ። ልጄ ሀይሚ ጠዋት ሹራቧን ረስታ ስለነበር ይዤላት ወደ ልምምድ ሜዳው ሄድኩ። ሜዳው ሰሚት፣ ከኛ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ነው። ቤዝቦል የሚሉትን፣ ኳስ በዱላ መትቶ የሚሮጡበትን ጨዋታ ከጀመረች አራት ወር ቢሞላትም ሜዳውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ሄጄ ካየሁ የሚያስጨንቀኝ ነገር ስለሚበዛ አለመሄዱን መርጬ ነበር።

ከሩቅ ለየኋት። ሜዳው ጠርዝ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ከፊቷ ሰው የለም፣ ኳስ የለም፣ ባዶ አፈር ብቻ ነው። ኮፍያዋን አወለቀች። እጆቿን ከጎንና ከጎኗ ጋር አጣበቀች። ከዚያ ከወገቧ እጥፍ ብላ ሰገደች። ቀና ስትል ኮፍያዋን መልሳ አድርጋ እየሮጠች ገባች። ከኋላዋ የጎረቤቴ ልጅ ናዲያ መጣች፤ እሷም እንደዚያው አደረገች።

ሹራቡን ለጥበቃው ሰጥቼ ተመለስኩ። ቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም።

ትምህርት ቤቱ የላከውን የፈቃድ ወረቀት አንብቤ የፈረምኩት እኔ ራሴ ነኝ። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ የጨረስኩት የመጀመሪያው ወረቀት ስለነበር እያንዳንዱን መስመር ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር ያየሁት። ስለ ጓንት ተጽፏል። ራስን ስለሚከላከል ቆብ ተጽፏል። ውሃ ይዘው ይምጡ ተብሏል። ስለ መስገድ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም።

ማታ ራት ስናቀርብ ጠየቅኳት። «ለማን ነው የምትሰግጂው?»

«መቼ?»

«ዛሬ። አይቼሻለሁ።»

ሳቀች። «እማ፣ እሱ እኮ ሰላምታ ነው።»

«ሰው በሌለበት?»

ጃፓን አገር ሁሉም እንደዚህ ነው ብላ ታስረዳኝ ጀመር። አሠልጣኛቸው ኮች ሞሪ ይባላል፤ ጃፓናዊ ነው። ሀይሚ እንደምትለው በልጅነቱ በትምህርት ቤቶች ውድድር ተጫውቷል፤ የዚያ አገር ሰው በበጋ ወር ሥራውን ትቶ የተማሪ ጨዋታ በቴሌቪዥን ያያል። የተሸነፉት ልጆች እያለቀሱ የስታዲየሙን አፈር በከረጢት ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ኮች ሞሪ በኋላ በአንድ ደመወዝ ከፋይ ክለብ ሁለተኛ ቡድን ውስጥ ሁለት ዓመት ቆየ፤ ዋናው ቡድን ውስጥ ግን ሳይገባ ቀረ። እነዚያ በደመወዝ የሚጫወቱት እንኳን ሜዳ ሲገቡ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ አለችኝ። ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ቅዳሜና እሁድ ምሳ ስንበላ ስልኳን የውሃ ጆጉ ላይ አስደግፋ የነሱን ጨዋታ ታያለች። እዚህ ስድስት ሰዓት ሲሆን እዚያ መሽቶ መብራት በርቷል።

እኔ ግን በአፈሩ ወሬ ጭራሽ ደነገጥኩ። ይሰግዱለታል፣ ከዚያ በከረጢት ቤት ያስገቡታል። መምሬ ፊሊጶስን ሳልጠይቅ የቅዳሜውን ግጥሚያ አትጫወቺም አልኳት። መምሬ ፊሊጶስ የንስሐ አባታችን ናቸው።

«ዘጠኝ ነን እማ» አለች። «ትርፍ ሰው የለንም። እኔ ከቀረሁ በፎርፌ እንሸነፋለን።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ተነሥታ የጨዋታ ካልሲዋን አጠበችና በረንዳው ላይ አሰጣችው።

በማግሥቱ ደረጃው ላይ የናዲያን እናት ከድጃን አገኘኋት። ቦሌ ሚካኤል የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ሁልጊዜ እንደተጣደፈች ነው። ልጆቹ ለሜዳ እንደሚሰግዱ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ሰሞን እሷም ደንግጣ እንደነበር፣ ናዲያ ስታስረዳት ግን እንደተወችው ነገረችኝ። ቄስ ዘንድ ልሄድ መሆኑን ስትሰማ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ሳቀችብኝ።

«ልጅሽ አፍ የላትም እንዴ? ምን ቄስ ዘንድ ያስኬድሻል» አለች።

ሄድኩ። መምሬ ፊሊጶስ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙኝ።

«ሐውልት አለ?» አሉኝ።

«የለም አባቴ።»

«ሥዕል ነገር?»

«አላየሁም።»

«ዛፍስ?»

«አንድ ባሕር ዛፍ አለ። ግን ሲሰግዱ ከጀርባቸው ነው።»

«ለዛፍ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሰግድ ሰው ሰምቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ባላዩት ነገር እንደማይፈርዱ፣ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ መጥቼ እንድወስዳቸው ነገሩኝ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ደረስን። ጨዋታው አራት ሰዓት ነው፤ ልጆቹ ገና አልመጡም። ሀይሚን ልብስሽን ለብሰሽ ነይ፣ መጫወትሽን ግን እዚያ እንነጋገራለን ብያት ነበር። ሜዳው መሐል አንድ ሰው ብቻ አለ። ተንበርክኮ ግንባሩ አፈር ሊነካ ምንም አልቀረውም።

መምሬ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ይኸው» አሉ ቀስ ብለው።

ሰውዬው ተንበርክኮ ወደፊት ፈቀቅ አለ። እንደገና ፈቀቅ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ከመሬት አንሥቶ አጠገቡ ያለ ባልዲ ውስጥ ጣለው፤ ኳ ሲል ተሰማን። ድንጋይ ነበር።

ኮች ሞሪ ነው። ሲያየን ብድግ ብሎ ሱሪውን አራገፈና ወደ እኛ ሮጠ። መምሬ እንደ ልማዳቸው ለማሳለም መስቀላቸውን ዘረጉ። እሱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አይመስለኝም። እንደ አገሩ ልማድ ኮፍያውን አውልቆ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል መስቀሉ በትክክል ግንባሩ ላይ አረፈ።

«በደንብ ተሳልሟል» አሉ መምሬ ደስ ብሏቸው። «አሳዳጊ አለው።»

ድንጋዩን ለምን እንደሚለቅም ጠየቅኩት። አማርኛው ጥቂት ነው፤ በእጁ ያግዘዋል። አንዲት ጠጠር አሳየኝና «ድንጋይ መጥፎ» አለ። ኳስ መሬት ለመሬት ሲመጣ፣ ጠጠሯን ሲነካ፣ ወደ ላይ ሲነጥር በጣቱ አሳየኝ። ጣቱ መጨረሻ ላይ ያረፈው ዓይኑ ሥር ነበር። «ዓይን» አለ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሳስብ አሁንም እስቃለሁ። ልጄን ላስቀር የመጣሁት ሴትዮ ነጠላዬን አጣፍቼ አፈሩ ላይ ቁጢጥ አልኩ። ኳስ ወርዋሪው ከሚቆምበት ጀምሬ ሯጮቹ ከሚረግጧቸው ቤዞች እስከ ሦስተኛው ድረስ አንድ ጠጠር አላለፈኝም። የምስር ቅንጣት የምታክለውን ሳይቀር ለቀምኩ። መምሬም ቆመው ማየቱ አላስችል ብሏቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከሌላው ጫፍ ጀመሩ። ኮች ሞሪ ተዉ፣ ይበቃል እያለ ቢከተላቸውም አልሰሙትም። የሰበሰቡትን እያመጡ የእኔ ነጠላ ውስጥ ያፈሱታል።

እንዲህ እንዳጎነበስን ልጆቹ መጡ። ዘጠኙም ጠርዙ ላይ በአንድ መስመር ተሰለፉ። ኮፍያቸውን አወለቁ፤ በአንድ ድምፅ በጃፓንኛ የሆነ ነገር ብለው እጥፍ አሉ። ሜዳው ውስጥ ያለነው እኛ ሦስታችን ነን። እኔ ነጠላዬ ውስጥ ያን ሁሉ ድንጋይ እንደያዝኩ፣ ሳላስበው፣ እኔም ወገቤን ሰበር አድርጌ እጅ ነሳሁ። መምሬ በመስቀላቸው ባረኳቸው።

ሀይሚን ጠሯት። ሮጣ መጥታ ተሳለመች።

«ምንድን ነው አሁን ያላችሁት?» አሏት።

«‹እባካችሁ› እንደማለት ነው አባ። ስንጨርስ ደግሞ ‹እናመሰግናለን› እንላለን።»

«ማንን?»

ሀይሚ ነጠላዬን አየች፤ እጄን አየች፤ የመምሬን ጉልበት አየች፤ አፈር ሆኗል። «ሜዳውን ያዘጋጀልንን ሰው። ሁልጊዜ እኛና ኮች ነበርን የምንለቅመው» አለች። ዛሬ ግን ማንን እንዳመሰገኑ ስታስብ ሳቋ መጣና ከንፈሯን ነከሰች።

መምሬ ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ እዚህ ጣዖት አላየሁም። ያየሁት ድንጋይ ነው፤ እሱንም ለቅመናል» አሉ።

«እንግዲያው ትጫወት ይላሉ አባቴ?»

«የኔ ሥራ እዚህ ድረስ ነው። እናቷ አንቺ ነሽ።»

ልጄ ፊቴ ቆማለች። ስምንቱ ልጆች ከኋላ ሆነው ያዩኛል። እውነቱን ለመናገር ስግደቱ ባይኖር ኖሮ ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር። የምፈራው ያችን ጠንካራ ኳስ ነበር፤ ጣቷን፣ ዓይኗን። ከቄስ ጋር ተማክሬ የምገላገለው ፍርሃት አልነበረም።

«ቆቡን አጥብቀሽ እሰሪ» አልኳት።

ዘጠኙም አንድ ላይ ጮኹ።

ተጋጣሚዎቹ ከሲኤምሲ የመጡ ናቸው፤ ቁመታቸው ከእኛዎቹ ይበልጣል። እኔ፣ መምሬና ልጇን ለማየት የመጣችው ከድጃ ከባሕር ዛፉ ሥር አንድ አግዳሚ ላይ ተደረደርን። ከድጃ ሦስት ጨዋታ ስላየች ሁሉን አዋቂ ሆናለች። ለመምሬ የተረከችላቸው ሕግ ግማሹ ከልቧ የወጣ እንደነበር በኋላ ናዲያ ነግራኛለች። እሳቸው ግን በጥሞና እየሰሙ ይጠይቁ ነበር፤ ዳኛው ለምን ጭንብል እንዳደረገ፣ ወርዋሪው ለምን ደጋግሞ ራሱን እንደሚነቀንቅ፣ ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ለመድረስ ይህ ሁሉ ሩጫ ለምን እንዳስፈለገ። ሰዓቴን አሳይቼ ቢሄዱ ማንም እንደማይቀየማቸው ነገርኳቸው። አልተነሡም።

መጨረሻው ዙር ላይ ስምንት ለስምንት ሆኑ፤ የመጨረሻው የመምታት ተራ የእኛ ነበር። ናዲያ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆማለች። መቺዋ ሀይሚ ናት። የመጀመሪያውን ኳስ ሳተች። ሁለተኛውንም ሳተች። ከድጃ አንድ ዕድል ብቻ እንደቀራት ነገረችኝ፤ ይኼ እንኳን ትክክለኛ ሕግ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከዚያ ጨፍኜ መጠበቁ ባሰብኝና ገለጥኩት።

መታችው። ኳሷ በሁለት ልጆች መሐል አልፋ እስከ አጥሩ ጥግ ድረስ ሄደች። ናዲያ ስትሮጥ ከድጃ አብራት የምትሮጥ ይመስል አግዳሚውን ይዛ ትዘላለች። ናዲያ መነሻውን ረገጠች። ዘጠኝ ለስምንት ሆነ፤ ጨዋታው አለቀ። ዳኛው እጁን አነሣ፤ የሲኤምሲ ልጆች ጓንታቸውን አወለቁ።

ሀይሚ ግን ይህን አላወቀችም። አንገቷን ደፍታ ትሮጣለች። የመጀመሪያውን ቤዝ አለፈች፤ ማንም አያባርራትም፣ ኳሱን የሚፈልገው ሰው የለም። ወደ ሁለተኛው ስትቃረብ ኳሱ እንዳይቀድማት በሆዷ ዘላ አፈሩ ላይ ተንሸራተተች፤ አቧራው ዋጣት።

«አሁን ለምን ተኛች?» አሉ መምሬ።

እኔ ግን መስመሩን አልፌ ሜዳው ውስጥ ነበርኩ። ስደርስ ቤዙን በሁለት እጇ አቅፋ ቀና ብላ ዳኛውን ትፈልጋለች። «ደረስኩ? ደረስኩ እማ?» አለችኝ። ማሸነፋቸውን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ጓደኞቿ ከኋላዬ ሲመጡ አየችና መሳቅ ጀመረች፤ አፏ ሁሉ አፈር ነበር።