ቀርፋፋው ማለቢያ

«ዕረፍታችሁ ስንት ደቂቃ ነው?» አለች ፋርማሲስቷ እታገኘሁ፣ ሁለት ካርቶኖችን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን እያስቀመጠች።

«አሥራ አምስት» አለች ሚስጥር።

«እንግዲያው ነገሩ አለቀ። ይኼኛው በቻርጅ የሚሠራ ነው፤ ሁለቱንም ጡት ባንድ ጊዜ ያልብልሻል። ያኛው በእጅ ነው። አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው ሳትዞሪ ደወል ይደወላል። ለአስተማሪ አይሆንም።»

ሚስጥር ሁለቱንም አየችና የእጁን አነሣች።

«እሱን? በዋጋው ከሆነ እኮ ልቀንስልሽ እችላለሁ።»

«በዋጋው አይደለም።»

እታገኘሁ ግራ እንደተጋባች ጠቀለለችላት።

እውነቱን ለመናገር፣ ሚስጥር ያንን ማለቢያ የገዛችው ራሷን ለመቅጣት ነው። ሰው ጥፋቱን ለሚመለከተው መናገር ሲያቅተው እንዲህ ያለ ሞኝነት ይሠራል። ከአራዳ ወደ ሰፈሯ ወደ ቁስቋም በሚወጣው ባጃጅ ውስጥ ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትሄድ፣ በየዕረፍት ሰዓቱ የምታየው ሥቃይ ከአሁኑ ታያትና ትንሽ ቀለል አላት።

ጥፋቷ ይህ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ከፀዳ ደወለላት። «መምህርት ሚስጥር፣ የወሊድ ፈቃድሽ በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ያልቃል። ተተኪዋ መምህርት ግን እስከ ፋሲካ ልትቆይልሽ ፈቃደኛ ናት። ደመወዝ ባይኖረውም፣ ከፈለግሽ...» አላት።

«እንዳለቀ እገባለሁ» አለችው ሳታስጨርሰው። ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ሣቀች። የአምስተኛ ክፍል ልጆቿ፣ ጩኸታቸው፣ እጅ ላይ የሚቀረው የጠመኔ ብናኝ ሁሉ ባንድ ጊዜ ትዝ አሏት። ወዲያው ግን አፈረች። ወደ ዛሪማ ጭነት የሚያመላልሰው ባሏ አስናቀው የሚያገኘው ይበቃቸዋል፤ ችግር ነው የገፋኝ እንኳ ማለት አትችልም። ስለዚህ ለሱም፣ አብረዋት ለሚኖሩት ለአማቶቿም አንድ ዓይነት ነገር ነገረቻቸው፦ «ለመንኳቸው፤ አልፈቀዱልኝም።»

ቤት ስትደርስ አማቷ እማማ የዓለምወርቅ ሕፃኗን መቅደላዊትን ታቅፈው ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሚስጥር ልጇን ተቀብላ ጡት ሰጠቻት። እማማ ካርቶኑን አገላብጠው አዩት።

«በዚህ ነው የምትታለቢው? ላም አደረጉሽ በይኛ! ጨካኞች! ልጅቱ ክርስትና ከተነሣች ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላት!»

ሚስጥር አቀርቅራ የልጇን ፀጉር ዳበሰች። እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንች ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቀየሚኝ። ያ በእጅሽ አልበሽ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥሽው ወተት...»

«ጠጣችው ያሉኝ?»

«አልጠጣችውም። ሰኞ ጧት ጾም ገባ ብዬ የፍስኩን ዕቃ ሁሉ ሳጥብ አብሬ ደፋሁት። የላም ወተት መስሎኝ! ታዝንብኛለች ብዬ ዋሸሁሽ። ይኸው አምስት ቀን ሙሉ እህል አልበላ ብሎኛል። ለንስሐ አባቴ እንዳልናገር እንኳ አፈርኩ፤ የሕፃን ሲሳይ ደፋሁ ይባላል?»

ሚስጥር ሣቋ መጣ። «ኧረ ምንም አይደለም እማማ!» አለች፤ ግን ሣቋ አልቆየም። እኚህ ሴት ለአንዲት ብርጭቆ ወተት አምስት ቀን ተቃጥለዋል። እሷ ግን ከሐሙስ ጀምሮ እህሏን በደንብ እየበላች ነው።

በዚህ መሐል አማቷ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ከቤት ወጡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤተ ክርስቲያኑና ከተማሪዎቻቸው በቀር የትም አይሄዱም።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ወደ ፀዳ። የዳይሬክተርሽ አባት ከኔ ዘንድ ነው ዜማ የተማረ። እስከ ፋሲካ ትቆይልን ብዬ ዳይሬክተሩን ልለምነው ነው። ለራሴ ብዬ የሰው ደጅ ጠንቼ አላውቅም፤ ለዚች ሕፃን ግን እጠናለሁ።»

ሚስጥር ደነገጠች። ዳይሬክተሩ ምን እንደሚላቸው ታውቃለች፦ «እኔማ ቆዪ ብያት ነበር።» ያንን ቃል ሰምተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጠው ሲመለሱ ታዩዋት። ዛሬ ዳይሬክተሩ የለም ልትል አፏን ከፈተች። አንድ ውሸት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ እሱም ምላሷ ላይ ነበር።

«አባባ፣ አይሂዱ» አለች። «ዳይሬክተሩ ፈቅዶልኝ ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

መሪጌታ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ምነው?» አሉ እማማ የዓለምወርቅ።

«ማስተማር ናፈቀኝ። ቤት ውስጥ ቀኑ አልመሽ አለኝ። መቅደላዊትን ስለማልወድ አይደለም። ግን ይህን ብናገር ምን ዓይነት እናት ናት ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

መሪጌታ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «እኔም የተማሪዎቼን ጉባኤ ሦስት ወር ዘግተህ ተቀመጥ ብባል አልችለውም» አሉ።

እማማ ግን ቶሎ አልበረዱም። «አስገደዷት ብዬ እኮ ነው ልጅቱን እይዛለሁ ያልኩ! እኔን ጠይቀሽኛል?»

«አልጠየቅሁዎትም። አጥፍቻለሁ። አሁን ልጠይቅዎት፤ ይይዙልኛል?»

እማማ ካርቶኑን እንደገና አነሡት። «ይኸስ ሸጋ ነው? ቶሎ ያልባል?»

«አያልብም። ቶሎ የሚያልበውን ትቼው ነው የመጣሁ።»

«ምን ሆነሽ?»

«ልቀጣ ብዬ።»

«እሷን ነዋ የቀጣሻት! ጡትሽ ሳይታለብ ከዋለ እኮ ወተቱ ይነጥፋል። የምትጠጣው እሷ አይደለችም?» አሉ እማማ ተቆጥተው። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «አምጫት።»

ሚስጥር ልጇን ከጡቷ አላቀቀችና ሰጠቻቸው። ካርቶኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ካልቀየሩልኝ ሌላውን እገዛለሁ ብላ ተነሣች። የግቢውን በር ስትከፍት መቅደላዊት ማልቀስ ጀመረች። ሚስጥር እጇን በሩ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወጣችና በሩን ዘግታ ወደ አራዳ የሚወርደውን ባጃጅ ጠራች።