አራተኛው ኮፍያ

በዚህ ቤት ውስጥ ሻንጣ ማዘጋጀት የሚችል ሰው ካለ እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም፤ ብኮራም መብቴ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ቆሜያለሁ። ዘጠና ክፍል፣ መቶ ሰማንያ አልጋ፤ የዚያን ሁሉ አንሶላ ያጠፈው ይሄ እጅ ነው። ሙሽራም ይሁን ጄኔራል፣ ሸሚዙ በእኔ ሳያልፍ ከዚያ ሆቴል አልወጣም። እና ልጄና ሚስቱ የዘጠኝ ቀን ጉዞ ሲያስቡ፣ መጀመሪያ በረሃውን አቋርጠን፣ ከዚያ ባሕሩ ዳርቻ አርፈን፣ መጨረሻ ላይ ትልቁን ከተማ አይተን እንመለሳለን ሲሉ፣ ማንን አማከሩ? ወረቀት።

የሚወሰደው ዕቃ የተዘረዘረበት ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ሆነ።

ምራቴ ፋርማሲስት ናት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ያልተጻፈበት ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስላትም። የስኳሩ ጣሳ ላይ «ስኳር» ብላ ጽፋለች፣ የጨዉ ላይ «ጨው»። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ሁለቱን ለመለየት ግን እግዜር ምላስ ሰጥቶኛል። ለዚህ ጉዞ ደግሞ ሦስት ሻንጣ ገዝታ እንደ መድኃኒት ብልቃጥ ወረቀት ለጠፈችባቸው፤ አንዱ ለበረሃ፣ አንዱ ለባሕር፣ አንዱ ለከተማ።

«ከምግብ በፊት ነው ወይስ ከምግብ በኋላ የሚወሰደው?» አልኳት።

ሳቀች። ስትስቅ ታምራለች፤ ችግሯም ይሄ ነው፣ ሰው እንደ ልቡ አይቆጣትም።

«የባሕሩ ሻንጣ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ቢወድቅስ?» አልኳት። «ሁላችን ባሕሩ ዳር በከረባትና በከተማ ጫማ ልንቆም ነው?»

«አይወድቅም እማማ፤ ዝርዝር አለኝ።»

«ዝርዝሩ ሮጦ ይይዘዋል?»

በዚህኛው አልሳቀችም። አጎንብሳ የሻንጣውን ዚፕ ትከፍትና ትዘጋ ጀመር። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

በእኛ ቤት አንድ ልማድ አለ፤ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ላውንደሪ ውስጥ ሌሎቹ ሴቶች የእንግዳውን የክፍል ቁጥር ልብሱ ላይ በቀለም ይጽፉ ነበር። ቀለም ልብስ ያበላሻል። እኔ ግን በአንገትጌው በውስጥ በኩል በባለ ቀለም ክር ሦስት ጊዜ ወጋ ወጋ አድርጌ አልፋለሁ፤ የየትኛው ክፍል የትኛው ክር እንደሆነ ጭንቅላቴ ይይዘዋል። አንድም ቀን የአንዱን ለሌላው ሰጥቼ አላውቅም። የሚጽፉት ናቸው የጄኔራሉን ሱሪ ለጥርስ ሐኪሙ ልከው ሁለት ቀን ፍለጋ ያንከራተቱን። ያንን ክር ይዤ ነው ጡረታ የወጣሁት። ልጄ ሰማያዊ ነው፣ ምራቴ ቀይ፣ የልጅ ልጄ ቢጫ፣ እኔ አረንጓዴ። አዲስ ልብስ ከተገዛ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ቁም ሳጥን የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ሊሄዱ ሳምንት ሲቀራቸው ምራቴ አዲሱን ልብስ ሁሉ በሁለት ፌስታል አምጥታ አልጋዬ ላይ ዘረገፈችው። ለበረሃው እጅጌ ረጅም ሸሚዝ፣ ለባሕሩ የዋና ልብስ፣ ለከተማው ሰው መሳይ ልብስ። ቀኑን ሙሉ ሰፋሁ። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ። አረንጓዴው ክር ከመስፊያ ቆርቆሮዬ ሳይወጣ መሸ። «የእኔ ልብስ እኮ አሮጌ ነው፣ ድሮ ተሰፍቷል» አልኩ ለራሴ። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ጎበዝ ነው።

በነጋታው ወረቀቱ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ፣ ዘጠና የክፍል በር ያስተማረኝ ነው። ከላይ እስከ ታች የተደረደረው 3 ነበር። የልጅ ልጄን ጠራኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ ቁንጫ እላታለሁ።

«ቁንጫ፣ ይሄ ምን ይላል?»

«ኮፍያ፣ ሦስት።»

«ይሄስ?»

«ፎጣ፣ ሦስት። የፀሐይ መነጽር፣ ሦስት። የጥርስ ብሩሽ፣ ሦስት።»

«በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«አራት፤ ድመቷን ካልቆጠርናት።» ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ትንሽ አሰበችና፣ «አያቴ፣ አንቺ ኮፍያ አትወጂም መሰለኝ» አለችኝ።

«ይሆናል» አልኳት። «ጥርስም የለኝ ይሆናል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው። ቤቱ ያውቃል፣ ፍሪጁ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሆቴላችን ከባሕር የሚመለሱ እንግዶች ይበዙበት ነበር። ልብሳቸው ከመታጠቡ በፊት ኪስ የምገለብጠው እኔ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ኪስ የባሕር አሸዋ አራግፌያለሁ። ነጭ አለው፣ ቢጫ አለው፣ እንደ ዱቄት የላመ አለው። ጠርጌ ጣልኩት። የመጣበትን ግን አንድም ቀን አላየሁም። ይህን ለልጄ ነግሬው አላውቅም፤ ልጅ ሁሉንም ነገር ካልተነገረው አያውቅም ማለት ነው?

ውሰዱኝ ብሎ መለመን እኔ ዘንድ የለም። አረንጓዴ ክር ያለበትን ስስ ቀሚሴን አውጥቼ ጠቀለልኩና የባሕሩ ሻንጣ ውስጥ ከፎጣዎቹ ሥር ሸጎጥኩት። በነጋታው አልጋዬ ላይ አገኘሁት፤ ታጥፏል። ማጠፍ ከተባለ። መልሼ ጠቅልዬ ከተትኩት። በማግስቱ እንደገና አልጋዬ ላይ። በዚህኛው ተተኩሷል፤ ኮሌታው ላይ ካውያው ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሄዶበታል። የሰው ካውያ ብዙ ይናገራል። ጥፋት ያለበት ሰው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይተኩሳል።

ለሦስተኛ ጊዜ ከተትኩት። ጠበቅሁ፤ አልተመለሰም። ሰው በሌለበት ሄጄ ሻንጣውን ስከፍት ቀሚሴ እንደጠቀለልኩት ከፎጣው ሥር አለ። አጠገቡ ደግሞ የላስቲክ ነጠላ ጫማዬ በንጹሕ ፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እኔ አላስገባሁትም። ዘጋሁት። እራት ላይ ምራቴን አየኋት፤ እሷ ሾርባዋን አየች።

የቀረው ልጄ ነው። ልጄ ቀያሽ ነው፤ የሰው መሬት በሴንቲሜትር ይለካል፣ የእናቱን ሆድ ግን በግምት። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ከሰዓት በኋላ ከሥራ መጥቶ የከተማውን ሻንጣ ሊዘጋ ይታገል ጀመር። ሻንጣው እምቢ አለ። ተቀመጠበት። ቁንጫ ከአባቷ ጎን ተደርባ ተቀመጠችበት። ምራቴ ተንበርክካ ዚፑን ትጎትታለች። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ አያለሁ። ማንም «እስቲ አንቺ ሞክሪው» አላለኝም።

በሩ ተንኳኳና ጎረቤታችን ገባች። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። በእጇ ትንሽ ቦርሳ ይዛለች።

«እትዬ፣ ቀድሜ ዕቃዬን ላስቀምጥ ብዬ ነው» አለችኝ። «የት ነው የምተኛው? ሶፋው ለወገቤ አይሆነኝም።»

«የምን መተኛት?» አልኳት።

ሲስተር ወደ ልጄ ዞረች። «አልነገርካቸውም እንዴ?»

ልጄ ሻንጣው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። «እማዬ፣ ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ከባሕሩ ስትመለስ?»

«በረሃው አርባ ሁለት ዲግሪ ነው። ባለፈው ዓመት ሰልፍ ላይ ፀሐይ መትቶሽ የወደቅሽውን ረሳሽው? ሲስተርም ብትሆን አይሆንላቸውም ብላለች።»

«እኔ?» አለች ሲስተር። «እኔን ማን ጠይቆኝ? ዘጠኝ ቀን ከእናቴ ጋር እደሪልኝ ነው ያልከኝ።»

የልጄ ጆሮ ቀላ። ሕፃን ሆኖ ሲዋሽም እንዲሁ ነበር።

«ስማ» አልኩት። «ያን ቀን የወደቅሁት ቁርስ ሳልበላ ስለወጣሁ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት እንፋሎት ውስጥ የቆምኩ ሴት ነኝ። የእኛ ላውንደሪ በረሃ ቢሆን ኖሮ ግመሉ ከበሩ ይመለስ ነበር።»

ሲስተር ቦርሳዋን ከፍታ የግፊት መለኪያዋን አወጣች። ያለ እሱ አትንቀሳቀስም። ክንዴን ጠቅልላ ነፋችው፣ አዳመጠች፣ ጨርቁን ፈታች። «ደህና ነው» አለች። «ውኃ በየሰዓቱ፣ ቁርስ በየቀኑ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ። ከዚያ ውጭ የሚያስቀር ነገር አላየሁም።»

«የእሱንም ለኪው» አልኳት።

ልጄ ከሻንጣው ሳይወርድ ክንዱን ሰጣት። ለካች። ግንባሯን ቋጥራ ደግማ ለካች። «አንተ ጨው ቀንስ» አለችው።

«እና አባዬ ይቅር?» አለች ቁንጫ።

ምራቴ አፏን በእጇ ሸፈነች። ልጄ ግን አልሳቀም። እጅጌውን ወደ ታች መለሰ።

«ፈርቼ ነው» አለ በመጨረሻ። «ያን ቀን ስትወድቂ አንድ ጫማሽ ወልቆ ቀረ። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ሐኪሞቹ አስገብተውሽ፣ ነቅተሽ ስሜን እስክትጠሪ ድረስ ያንን ጫማ በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። አስቀምጠው ቢሉኝ እንኳ አላስቀምጥም አልኩ። ሁለተኛ እንደዚያ መቆም አልፈልግም።»

ይህንንም ነግሮኝ አያውቅም። ለካ ዝምታው ከእኔ የወረሰው ነው። ፊቴን ግን አላላላሁለትም፤ ለአንድ ጫማ ብሎ ባሕር አያስቀሩኝም።

«ፈርተህ ከሆነ ፈራሁ ትላለህ» አልኩት። «በሲስተር ስም አትዋሽም። እናትህን ደግሞ እንደ ድመቷ፣ ሞግዚት ፈልገህላት አታስቀምጣትም።»

ምራቴ ይህን ጊዜ ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ወረቀቷንና እስክሪብቶዋን ይዛ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ 3ቱን እየሰረዘች ጎን ለጎኑ 4 ትጽፍ ጀመር። ከላይ እስከ ታች፣ አንዱንም ሳትዘል።

«ልብሳቸው የባሕሩ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል» አለችው ሳትዞር። «ሦስት ቀኑ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ አወጣሁት። እሳቸው መልሰው ሲከቱት ማን ልክ እንደሆነ ገባኝ። አንተ ትነግራቸዋለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ ቶሎ መናገር ነበረብኝ እማማ።»

«ካውያሽ ነግሮኛል» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ተነሳሁ። ልጄን ከሻንጣው አስወረድኩት፣ ሦስቱንም ሻንጣ ወለሉ ላይ ገለበጥኩ። ምራቴ ዝርዝሯን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች፣ ልጇ ውኃ ውስጥ የገባባት ይመስል። ልብስ አይታጠፍም፣ ይጠቀለላል። ካልሲ ጫማ ውስጥ ይገባል፣ ከባዱ ወደ ጎማው፣ ስሱ ወደ ላይ። በእያንዳንዱ ሻንጣ ውስጥ ከሰማያዊውም፣ ከቀዩም፣ ከቢጫውም፣ ከአረንጓዴውም አደረግሁ፤ የበረሃውንም የባሕሩንም የከተማውንም አዳርሼ። አንዱ ሻንጣ ቢወድቅ ማናችንም ራቁታችንን አንቀርም። ቁንጫ ክር እያየች ታቀብለኛለች፤ አንድም አልተሳሳተች። ስጨርስ ሦስቱንም በአንድ ጣት ዘጋኋቸው። በሁለት ጣት ብላችሁም አልከራከርም።

«በየደረስንበት ሦስቱንም መክፈት ሊኖርብን ነው እኮ» አለች ምራቴ።

«እኔ እከፍታለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

ከሻንጣዎቹ ላይ የላጠቻቸውን ሦስት ወረቀቶች በእጇ ይዛ ቀረች። «አሁን ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍባቸው?»

«‹ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ› በያ» አልኳትና ልጄን አየሁት።

በዚህኛው እሱም ሳቀ። ሲስተር ድመቷን ለመጠበቅ ተስማማች፤ ለወገቧ ሲባል በእኔ አልጋ ላይ እንድትተኛ ፈቀድኩ። የኔን አንሶላ አስተጣጠፍ አይታ ትማር።

ሁሉም ወደየጉዳዩ ሲበተን ልጄ አጠገቤ ቁጭ አለ። ይቅርታ ሊል እንደሆነ አውቄ ቀደምኩት።

«ነገ ሱቅ እንደተከፈተ ኮፍያ ትገዛልኛለህ» አልኩት። «ጠርዙ ሰፊ፣ ከአገጭ ሥር የሚታሰር። ጥቁር እንዳታመጣ፣ ለቅሶ አይደለም የምሄደው። መኪናው ውስጥ ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ። እና ባሕሩ ጋ ስንደርስ፣ ስወርድ ክንዴን እንዳትይዘኝ። አሸዋው ላይ በራሴ እግር ነው የምሄደው። አንተ ጫማዬን ያዝልኝ፤ ሁለቱንም።»