የጠና ተረከዝ

አሁን የምጽፈው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። አንዲት ቃል ከጨመርኩ የሱቄ ሚዛን ይሰበር። እኔን ወንዳፈረውን ከዱራሜ እስከ ጊምቢቹ የማያውቀኝ ሰው ቀርቶ የማያውቀኝ በሬ የለም፤ ስለዚህ ብዋሽ የትም መደበቂያ የለኝም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በተጀመረ ሰሞን ነው። ሆሳዕና ላይ ከሱቄ ጀርባ ጠና የሚባል ጎረቤት አለኝ። የሀድያ ሰው ነው፤ የማይጠጣ፣ የማያጨስ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፅ የማያሰማ። አንድ ቀን ሳየው ያነክሳል።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ጫማው ጠቦኝ ነው፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ድንጋይ መታኝ አለ። በሳልስቱ በሬ ረገጠኝ አለ። ጠና በሬ የለውም። እንዲህ ያለ ነገር እኔን አያልፈኝም፤ ዝም ብዬ ለፋሲካ ምሳ ጠራሁት።

በጭቃው መንገድ መጣ። ባለቤቴ ውቢት እንደ ወጉ የእንግዳ እግር ልታጥብ ለብ ያለ ውሃ ይዛ ቀረበች። ጠና ቀኝ እግሩን ሰጣት። ግራውን ከቦት ጫማው አላወጣም።

«ግራውስ?» አለች።

«ንጹሕ ነው።»

«ጭቃው ውስጥ በቀኝህ ብቻ እየዘለልክ ነው የመጣኸው?»

ተነስቼ ቦት ጫማውን አንዴ ሳብኩት። ጉልበቴን ታውቃላችሁ። ጫማው በመስኮት ወጥቶ የቀበሌው ግቢ ውስጥ ወደቀ፤ ዘበኛው የተተኮሰ መስሎት መሬት ላይ ተኛ። የጠና ተረከዝ ላይ ጥቁር ነገር አየሁ። ስፋቱ የሃምሳ ሳንቲም ያህላል፤ እውነቱን ከተነጋገርን ግን የሲኒ ማስቀመጫ ያህል ነበር። ጥቁረቱ የሐምሌ ሰማይ።

ጠና አቀርቅሮ ነገሩን አወጣ። ሚስቱ ገነቴ አራስ ሳለች ቆጮ አለቀባቸው። እናቷ አንጋጫ ላይ ታማ ተኝታለች፣ የሚያግዝ የለም። እሱ ጓሮ ገብቶ፣ በቅጠል ተጋርዶ፣ እንሰት ፋቀ።

የኛን አገር ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ በዚያ በኩል ማለፍም አይወድም። ሴቶቹ ተቀምጠው እንሰቱን በተረከዛቸው ከሳንቃ ጋር ይዘው ይፍቁታል፤ ውሃው ተረከዝ ላይ ሲደርቅ ያጠቁራል። ተረከዙ የጠቆረ ወንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ቢሆን እንኳ ከዚያ ወዲያ ስብሰባ መርቶ የሚሰማው የለም።

«እድፍ ነው፣ ይለቃል» አለ ጠና።

በአመድ አሽቶታል፣ በአሸዋ፣ በሎሚ፣ በላምባ። አልለቀቀም።

«መቼ ነው የፋቅከው?» አለች ውቢት።

«ልጁ የተወለደ ጊዜ።»

«ልጁ እኮ ዛሬ በእግሩ እየሄደ ነው።»

ልጅ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ የሚቆይ እድፍ የት አለ?

ክሊኒክ እንሂድ ብዬ ብጠይቀው እምቢ አለ። እዚያ የሚያክመው የሰፈር ልጅ ነው፤ ተረከዙን ካየ እስከ ማታ ከተማው ያውቃል። ከዚያ ደግሞ ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ በዚያው ሳምንት በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ተነሳና «እኔ እንሰት ፍቄያለሁ፤ ነገም ቢቸግረኝ እፍቃለሁ» ብሎ ተቀመጠ። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። «ወይዘሮ ጠና፣ ቆጮው ስንት ነው?» እየተባለ ከረመ። ብቻ ከዚያ በኋላ ክሊኒክ መሄድ ቀላል ሆነ።

ክሊኒኩ የረጋ ደም ነው ብሎ ቅባት ሰጠ። መድኃኒት ሻጩ ኪንታሮት ነው አለ። ሌላው ሙጀሌ ነው ብሎ መርፌ ሳለ። እኔ አንድ ጊዜ አጎንብሼ አየሁና «ይሄ ነቀርሳ ነው» አልኩ። በምን አወቅህ ትሉኛላችሁ። ዓይን ነዋ።

አዲስ አበባ ይዤው ሄድኩ። ቡታጅራ ሳንደርስ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ወርጄ ከነተሳፋሪው ብድግ አደረግሁት፤ እንዲቀል ብዬ ረዳቱን ብቻ ነው ያስወረድኩት። ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሩ ተረከዙን አየ፣ እኔን አየ፣ ከወንበሩ ተነሳ።

«እርስዎ ሕክምና የት ነው የተማሩት?»

«ሆሳዕና ገበያ» አልኩት።

ከዚያ እንደ ባልደረባ አጫወተኝ። ከቆዳ ነቀርሳ ሁሉ ብዙ የማይገኝ ዓይነት ነው፤ በኛ ሰው ላይ ሲወጣ ፀሐይ የማያየውን ቦታ ይመርጣል፣ ውስጥ እግርን፣ መዳፍን፣ ጥፍር ሥርን። ሰው ምች ወይም እድፍ እያለ ሲያባብለው ወደ ውስጥ ይገባል። «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ የምንቆርጠው ተረከዝ ብቻ አይሆንም ነበር፤ ምናልባትም የሚቆረጥ ነገር አይኖርም ነበር» አለ። ቆረጡት። ጠና ሲያለቅስ ድምፁ ወሊሶ ተሰማ። እኔ እጁን ይዤ ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም። ይኸው ዓመታት አለፉ፣ ሰውየው በሕይወት አለ።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጠና ጨው ሊገዛ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ምስክሬ እሱ ነው።

«እንዲህ አልነበረም?» አልኩት።

ጠና ያለ ድምፅ ሳቀና «ልክ እንዲህ ነው፣ ጋሼ» አለ። ጨውን ይዞ እኩል እየረገጠ ሄደ።

ውቢት ጓዳ ነበረች። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዛ ወጣችና እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«ገነቴ ያን ጊዜ አላገባችም ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «አራሷ እኔ ነበርኩ። ጊምቢቹ ላይ ታማ የተኛችው የኔ እናት ናት። ቆሞ የሄደው ልጅ አክሊሉ ነው። ጠና እንሰት ፍቆ አያውቅም፤ አንተ ቦት ጫማህን እንድታወልቅ ብሎ ነው ለከተማው ሁሉ መሳቂያ የሆነው።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«በል ካልሲህን አውልቅ» አለች፤ «ዶክተሩ ሁልጊዜ እዩት ብሏል። ግራውን አስቀድም።»