ሰባት ዘንግ

ቀያሹ ጀራሕ አንድ ዘንግ የሚረዝም መለኪያ ሸምበቆውን የመስጊዱ ምሰሶ ላይ አስደግፎ ወደ ቃዲው ዞረ። «የመሬቱ ወርድ ሦስት ዘንግ ነው» አለ። «አስልቼ ደርሼበታለሁ።»

ሉባባ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። ሦስት ዘንግ ማለት ከቦዩ ዳር የምትቀር ቁራጭ ናት፤ እሷንና እናቷን ግማሽ ዓመት እንኳ አትቀልብም። ቀሪው ለጎረቤታቸው ለሙዓፋ ሊሆን ነው።

ጎርፉ የመጣው እሷና እናቷ የታመመ አባቷን ይዘው ዋሲጥ ከተማ በከረሙበት ዓመት ነበር። የድንበር ካስማዎቹን ጠራርጎ፣ የሮማን ችግኞቹን ነቅሎ መሬቱን በደለል ቀበረው። አባቷን አፈር አልብሰው ሲመለሱ ሙዓፋ ደለሉ ላይ ገብስ ዘርቶ ጠበቃቸው። መንደሩ በሙሉ እህሉን የሚያስፈጨው በሙዓፋ ወፍጮ ስለሆነ ድንበሩን የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። ሉባባ ታስታውሳለች፤ ግን የከሳሽ ትዝታ ማስረጃ አይሆንም። የቀራቸው የአባቷ ሰነድ ነው። እሱም ቢሆን ወርዱ የተጻፈበትን መስመር እርጥበት በልቶታል። የሚነበበው ይህን ያህል ነው፦ ርዝመቱ አሥር ዘንግ፤ ከዚያ ላይ አራቱም ጎኑ ከመሬቱ ወርድ ጋር እኩል የሆነ የሮማን ማሳ፤ የተረፈው የሽንኩርት መደብ ሃያ አንድ ካሬ ዘንግ።

«ጌታዬ፣ ቀያሹ ስሌቱን ይንገሩን» አለች ቃዲውን።

ሙዓፋ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ሽንኩርት መትከል ሰለቸሽና ቀያሽ ልትሆኚ ነው?»

«የት ልትከለው አጎቴ? መደቡን እርስዎ አርሰውታል።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ቃዲው ለጀራሕ በእጁ ምልክት ሰጠው።

«ያልታወቀውን ወርድ ‹ነገር› እንለዋለን» አለ ጀራሕ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «መሬቱ በሙሉ አሥር ነገር ነው። የሮማኑ ካሬ ሲነሳለት ሃያ አንድ ይቀራል። ጎደሎ ተይዞ አይሰላም፤ ስለዚህ የተነሳውን ካሬ መልሰን እንሞላለን፣ ከሃያ አንዱም ላይ ያንኑ እንጨምራለን። አሁን አሥር ነገር ከአንድ ካሬና ከሃያ አንድ ጋር እኩል ሆነ። የአሥር ግማሽ አምስት። አምስት ጊዜ አምስት ሃያ አምስት። ሃያ አንድ ሲቀነስለት አራት። አራት የሁለት ጊዜ ሁለት ነው። ሁለትን ከአምስት ስንቀንስ ሦስት።»

«ለምን ይቀንሳሉ ኡስታዝ?»

«መምህሬ እንዲህ አስተማረኝ።»

«ይደምሩት።»

«አይደመርም።»

«ማን ከለከለ? አምስትና ሁለት ሰባት። ወርዱ ሰባት ከሆነ መሬቱ በሙሉ ሰባ ነው። የሮማኑ ካሬ አርባ ዘጠኝ። ስንት ይተርፋል?»

ጀራሕ ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ።

«ሃያ አንድ» አለ ቃዲው ራሱ። «ታዲያ ሁለቱም ልክ ከሆነ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? መሬቱ አንድ ነው።»

«መፈለጊያው ሁለት ቦታ ብቻ ሆነ ማለት ነው ጌታዬ። በጥግ ካስማ ስር ከሰል ይቀበራል። ከሰል አይበሰብስም። ያስቆፍሩልኝ።»

«ገብሴን?» አለ ሙዓፋ። «እንደ ፍልፈል ልትቦረቡረው?»

«አንድ ጉድጓድ» አለ ቃዲው። «ከበር የማይሰፋ። ከሰሉ ከተገኘ መሬቱ ያንቺ፤ ካልተገኘ በሦስቱ ትፈርሚያለሽ።»

እናቷ እጅጌዋን ጎተተቻት። «ሁለት ይፍቀድልሽ፣ ለምኚው እንጂ።»

«አንድ ይበቃኛል» አለች ሉባባ።

በማግስቱ ጠዋት የቃዲው ሁለት ምስክሮች ቦዩ ዳር ተቀምጠው ቴምር መብላት ጀመሩ። ጀራሕ ሸምበቆውን ከቦዩ ግድብ ግርጌ አስነካ።

«ከዚያ አይደለም» አለችው። «ግድቡ ከጎርፉ በኋላ ወፍሯል። ጥጉ ላይ ካለው ከጡቡ የውሃ መልቀቂያ ይጀምሩ።»

«ደሞ መለካት ልታስተምሪኝ ነው?»

«ሁለት እርምጃ ይስታል። ያለኝ ጉድጓድ አንድ ነው።»

ጀራሕ ግድቡን አየ፣ ጡቡን አየ። ከዚያ ሸምበቆውን አንስቶ ከጡቡ ጀመረ። ገመድ ወጥሮ ማዕዘኑን አስተካክሎ ሰባት ጊዜ ጣለውና ገብሱ መሃል ቆመ።

ሉባባ ዶማ አነሳች። እናቷ አፈሩን በቅርጫት ታወጣለች። እስከ ጉልበት ደለል። እስከ ወገብ ደለል።

«ትንሽ ከቀጠልሽ ውሃ ታገኚያለሽ» አለ ሙዓፋ ከላይ። «ለገብሴ ይሆነኛል።»

መቆፈሯን ቀጠለች። ስሌቱ ቦታውን ነግሯታል፤ ጎርፉ ካስማውን ሲነቅል ከሰሉን አብሮ ወስዶት እንደሆነ ግን የሚነግራት ስሌት የለም። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቢጫው ደለል አለቀና ጥቁሩ የድሮ አፈር ብቅ አለ። ቆፈረችው። ባዶ ነው።

አንዱ ምስክር የቴምሩን ፍሬ ከጭኑ አራግፎ ተነሳ። «በቃሽ ልጄ።»

«ቃዲው የወሰኑት ስፋቱን ነው» አለች ቀና ሳትል። «ጥልቀቱን አልወሰኑም።»

ጀራሕ ከጉድጓዱ አፍ ቁጢጥ ብሎ በሸምበቆው ጫፍ ጭቃ ላይ ካሬ ይስል ነበር። ሰባት በሰባት ቤት ከፋፍሎ ቆጠረ። አጠፋና እንደገና ስሎ ቆጠረ። ከዚያ ቀሚሱን ወገቡ ላይ ሸብ አድርጎ ወረደ።

«ዶማውን ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ሃያ ዓመት ስቀንስ ነው የኖርኩት። በስንቱ ሰው መሬት ላይ...» ዶማውን ተቀብሎ መቆፈር ጀመረ። እሷ የላላውን አፈር በእጇ ትዝቃለች።

አንድ ክንድ ያህል እንደወረዱ ጣቷ ሸክላ ስባሪ ነካ። ከስባሪው ስር አፈሩ ተፈረከሰና ጥቁር ሆነ፤ እጇ ላይ እንደ ጥላሸት ቀረ።

«አትንኩት» አለች፣ ጀራሕንም ጭምር። «ምስክሮቹ እንዳለ ይዩት።»

ሁለቱም ተራ በተራ ወርደው አዩ። አንደኛው ጣቱን ነክሮ አሸተተና ቀሚሱ ላይ ሊጠርገው ሲል ተወው።

«ገብሴስ?» አለ ሙዓፋ።

«ይጨዱት አጎቴ። ለከርሞ ግን ዘርዎ ከዚህ እንዳያልፍ።»

ምስክሩ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። «ወርዱ ስንት ብዬ ልጻፍ?»

«ሰባት» አለ ጀራሕ ከጉድጓዱ ውስጥ። «ሦስትንም ጻፈው። ቀያሹ ሁለተኛውን አልፈለገም ነበር በል።»

ሉባባ ወጥታ እጇን በገብሱ ጠረገችና ለካስማ የሚሆን እንጨት ልትቆርጥ ሄደች።