የቱን ወገብ?

«ወገቧን እኮ ነበር የሚያማት። ወገብ ሰው ይገድላል እንዴ?» አለች በሩ አጠገብ የተቀመጠች ጎረቤት፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

«ተይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

«ብትሰማስ? ነርስ አይደለች? እሷው ትንገረን!»

ሀሊሜ ሰምታለች። እናቷ ሰፍያ ትናንት ነው የተቀበረችው። ወንዶቹ ደጅ በተተከለው ድንኳን፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ናቸው። ከመስቃን ገጠር በጋሪ የመጡ ለቀስተኞች «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» እያሉ ይገባሉ። እናቷን የገደላት የማህፀን በር ካንሰር መሆኑን እዚያ ቤት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ልናገር ብትልም አፏ አልታዘዝ አላት።

ከቀትር በኋላ ኑኃሚን ከወልቂጤ መጣች። አቅፋት አለቀሰች። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናት፤ ሴቶች የማህፀን ሕመማቸውን ለምን ቶሎ እንደማይታከሙ ልታጠና ቡታጅራ በከረመችበት ጊዜ ነው የተዋወቁት። ያኔ ጥያቄዋ አልሰራ ብሏት ነበር። «ማህፀንሽን ያምሻል?» ስትል ሁሉም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይሏታል።

«እዚህ አገር ማህፀኔን የምትል ሴት የለችም» አለቻት ሀሊሜ። «ወገቤን ነው የምትልሽ። ‹የቱን ወገብ? ዕቃ የምትሸከሚበትን ነው ወይስ ለባልሽም የማትነግሪውን?› በያት።»

ሴቶቹ መጀመሪያ ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ግን ይናገራሉ። ስንቷ በዚያች ጥያቄ ምክንያት ሀሊሜ ወደምትሰራበት የማህፀን ምርመራ ክፍል መጥታ ተመረመረች! ጥናቱ ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሲቀርብ ለሀሊሜ ተጨበጨበላት። ሰፍያም ወሬውን ሰምታ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰች።

በዚያው ዓመት፣ በበርበሬ ወቅት፣ ሰፍያ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ዛላ ስትቀነጥስ «ወገቤን ቆረጠኝ» ብላ ነበር።

«ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለሽ እንዴት አይቆርጥሽ!» አለች ሀሊሜ። ባጃጅ እየጠበቃት ነበር። ማታ ቅባት ይዛ መጥታ ራሷ አሸችላት። ሰፍያ ዞር ብላ አየቻት፤ አንድ ነገር ልትል ያለች መሰለ። ከዚያ ቀሚሷን ወደታች ሳብ አደረገችና «እጅሽ መድኃኒት ነው» አለች።

ወገቤን ማለቷን አልተወችም፤ ሀሊሜም ቅባቱን አልተወችም። አገሩን ሁሉ የቱን ወገብ እያለች ስትጠይቅ እናቷን አልጠየቀቻትም። እናት እንዴት ተብላ ትጠየቃለች? ደሙ መደበቅ እስኪያቅት ድረስ ሁለቱም ተፋፈሩ። አዲስ አበባ ያያት ሐኪም «ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ…» አለ። ሰፍያ አልጋው ላይ ሆና፣ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ «እዚያ ክፍል አንቺ ባትኖሪ እኮ እሄድ ነበር» አለቻት።

ሀሊሜን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው።

አሁን የእናቷ ታናሽ እህት ሳሌሃ የቆጮ ትሪ ይዛ ገባች። አስቀምጣው ቀና ስትል ግድግዳውን ያዘች።

«ውይ፣ ወገቤን…»

ሀሊሜ ደንግጣ ተነሳች። አክስቷን ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

«አክስቴ፣ የቱን ወገብ?»

«የቱን ትለኛለች እንዴ! ስንት ወገብ ነው ያለኝ?»

«ስትሸከሚ የሚያምሽን ነው ወይስ…»

ሳሌሃ ገባት። «አስተግፊሩላህ! በእናትሽ ለቅሶ ይሄ ይጠየቃል? በእጄ አጥቤ ያሳደግኩሽ ልጅ!»

«እማም አጥባ ነው ያሳደገችኝ። አልጠየቅኳትም።»



«ሳሌሃ! ቆጮው ይታደል እንጂ!» አለ ከሳሎን አንድ ድምፅ።

«መጣሁ!» አለች፤ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«እኔ አላይሽም» አለች ሀሊሜ። «ኑኃሚን ወልቂጤ ትወስድሻለች፤ ሴት ሐኪም፣ የማታውቅሽ። ለእኔ ንገሪኝ ብቻ።»

ሳሌሃ የጓዳውን መጋረጃ ሳበች። ከዚያ መዳፏን አንስታ የሀሊሜን ዓይኖች ሸፈነቻቸው።

«እንዲህ እንዳለሽ ስሚኝ» አለችና በሹክሹክታ ጀመረች።

መዳፏ በሀሊሜ እንባ ራሰ። እስክትጨርስ ድረስ አላነሳችውም።