ጭልፊቷ እስክትበር

እትዬ እታገኝ ከሲያትል የመጡት ለወንድማቸው ሊያለቅሱ ነው። ገና በሩ ላይ «ወንድምዬ!» ብለው ሲጀምሩ ግን የሟች ሚስት ለተማርያም ሮጣ አፋቸውን በመዳፏ ያዘች።

«ይቅርታ እትዬ፣ እዚህ መጮኽ አይቻልም። ጋራዣችን ውስጥ ጭልፊት አለች።»

«ምን አለች?»

«ጭልፊት። የዓለምሰገድ በሽተኛ ናት።»

የሎስ አንጀለሱ የሐበሻ ሰፈር ፌርፋክስ እንዲህ ያለ ለቅሶ ቤት አይቶ አያውቅም። ሰዉ በእግሩ ጣቶች ይራመዳል፣ በሹክሹክታ ያጽናናል፤ ቆሎውን እንኳ ሳያኝክ አፉ ውስጥ ያርሰዋል።

ሟቹ ዓለምሰገድ ዌስትውድ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። ከሥራ ሲወጣ የዱር እንስሳት ክሊኒክ በነፃ ያገለግላል፤ ክሊኒኩ ሲሞላም በፈቃድ ቁስለኛ ቤቱ ያመጣል። ጭልፊቷ የሕንፃ መስታወት ገጭታ ክንፏ የተሰበረባት ነበረች። እሱ ደግሞ ወሬኛ ነበር፤ ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ ግን ጭጭ! ሰው ከለመደች ዱር አትኖርም፤ ከደነገጠችም ከጎጆዋ ሽቦ ጋር ተላትማ ክንፏን መልሳ ትሰብራለች።

«ለእኔም አንድ ቀን እንዲህ ዝም በልልኝ» ትለው ነበር ለተማርያም። ሐሙስ ጠዋት በእንቅልፉ ሄደና ዝም አለላት።

እትዬ እታገኝ የክሊኒኩን የእንስሳት ሐኪም ሶሊያናን ጥግ ይዘው «ለምን አትወስጃትም ልጄ?» አሏት።

«እትዬ፣ አሁን ወደ ሌላ ጎጆ ሙቭ ብናደርጋት ስትሬስ ይገድላታል። ሶ፣ ቅዳሜ ከዚሁ ወስደን ሪሊስ እናደርጋታለን፣ እንለቃታለን። ሁለት ቀን ብቻ፣ ኦኬ?»

ሁለቱን ቀን ለተማርያም ለቅሶዋን ዋጠችው። ባሏ አራት ወር የደከመባት ወፍ በእሷ ጩኸት እንዳትሰበር ፈራች።

ቅዳሜ ረፋድ ለቀስተኛው በስድስት መኪና ባልድዊን ሂልስ ኮረብታ ላይ ወጣ። ሶሊያና ሣጥኑን ከፈተች። ጭልፊቷ ሣሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ብድግ! ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ወጣች፣ አንዴ ዞረች፣ ወደ ሰዎቹ ዘወር ብላ እንኳ ሳታይ ሄደች።

«ፐርፌክት!» አለች ሶሊያና። «ሰው አልለመደችም!»

ሁሉም ወደ እትዬ እታገኝ ዞረ። እሳቸውም የተከለከሉትን ጩኸት ሊለቁት ደረታቸውን ሞልተው አየር ሳቡ። ከአፋቸው የወጣው ግን እልልታ ነበር። ለቀስተኛው እያጨበጨበ ተቀበላቸው።

ለተማርያም በሳቅ ፍርስ አለች። «ዓለሜ፣ አየሃት?» ብላ ወደ ጎኗ ዞረች። ጎኗ ማንም የለም። ያኔ ለቅሶዋ መጣ፣ ጮኻ፣ ኮረብታውን ሞልታ አለቀሰች፤ ዝም በይ ያላት የለም። እትዬ እታገኝ ገና እየሳቁ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫዋን ጠረጉላት።