ጥለቱ ወደ ታች

«ጥለቱን ወደ ታች አድርጊው እንጂ! እንዲህ አዘቅዝቀሽ ከገባሽማ ገና በር ላይ መርዶውን ነገርሻት ማለት ነው።»

የእድሩ ሴቶች አስተባባሪ እትዬ ፈለቀች የሰምሃልን ነጠላ ከትከሻዋ ገፈው እንደ ደህና ቀን አለበሷት። ጉርድ ሾላ፣ ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ ቆመዋል። አባቷ ገብረሃንስ ትናንት ተቀብሯል። ታላቅ እህቱ ትበርህ ግን አልሰሙም። ልባቸው ደካማ ስለሆነ፣ ከሠልስት በኋላ የንስሐ አባታቸው ማለዳ ሄደው እንዲያረዷቸው ተወስኗል። ችግሩ፣ ወንድማቸው ሳይደውልላቸው ስለቀረ መድኃኒት አልውጥም ብለዋል፤ ሰምሃል ሄዳ እንድታግባባቸው ተመርጣለች።

«መቐለ ሄዷል በያት። ኔትወርክ የለም በያት» አለ አጎቷ ኃይለኪሮስ።

«ለምን እኔ?»

«ከአንቺ አፍ ከወጣ ታምናለች። የገብረሃንስ ልጅ ነሽ።»

ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ሃያ ሁለት ሰፈር ካለው የአባቷ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አጠገብ የሚነግደው ተስፉ ወሬ ይዟል። «ገብረሃንስን ደንበኛ "ኦርጅናል ነው?" ሲለው "አይደለም" ይላል። ሰውዬው ተናዶ እኔ ጋ ይመጣል። የእኔም ያው ነው፤ ግን እኔን ማን ጠይቆኝ! ልጆቼን ያሳደግኩት በእሱ እውነት ነው።»

ሰምሃል አልሳቀችም።

የዛሬ ስድስት ዓመት እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ፣ ለትምህርት ነበረች፤ የመጨረሻ ፈተናዋ ሳምንት። ዘመድ ሁሉ ፈተናውን እስክትጨርስ ይደበቃት ብሎ ነበር። እሷ ግን እንደ ልማዷ ደወለች። «እማዬ ደህና ናት?» አባቷ መለሰ፦ «አይደለችም ልጄ። ዛሬ አረፈች።» የተከራየችው ክፍል ወለል ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። በኋላ ስትቆጣው፣ «አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም በሉ ተብለናል። ለክፉ ቀን ተብሎ ሌላ ወንጌል አልተጻፈም» አላት። መጽሐፉን ከእኔ አስበለጠ ብላ ደመደመች። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆመችው ያኔ ነው። አገሯ ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ያን ቀን ግን ዳግም አንስታበት አታውቅም።

ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ። ደረጃውን ስትወጣ የገዛ ድምፅዋን ሰማችው። «እባክህ፣ እንዳትጠይቀኝ አድርግ።» ለማን እንደምትለው እርግጠኛ አልነበረችም።

አክስቷ፣ አሞይ ትበርህ፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ክኒኖቹ ሳህን ላይ እንደተደረደሩ ናቸው።

«ኃይለኪሮስ አባትሽ መቐለ ሄዷል አለኝ። ያ ቀጣፊ! ከልጅነቱ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ በስልክ እንኳ ታየኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «አንቺን ማየት የፈለግኩት ለዚህ ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ። እናትሽ ያረፈች ቀን ስትደውዪ አባትሽ አጠገብ ነበርኩ፤ ነግሮሻል?»

«አልነገረኝም።»

«ስልኩ ሲጮህ "ጌታዬ፣ እንዳትጠይቀኝ አድርግ" እያለ ስልኩን አነሣ። ጠየቅሽው። ሲዘጋው ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር፤ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ እንዲያ ሲያለቅስ አላየሁትም።»

ሰምሃል ቀና ማለት አቃታት።

«በይ ንገሪኝ። ወንድሜ ደህና ነው?»

መቐለ። ኔትወርክ። ቃላቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ። አልጋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠችና ቀዝቃዛ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አይደለም፣ አሞይ። አርፏል።»

አሞይ ትበርህ አልጮኹም። እጃቸውንም አላስለቀቁም።

«ውሃ ስጪኝ» አሉ በመጨረሻ። «ወንድሟን የምታለቅስ ሴት አቅም ያስፈልጋታል።»

ክኒኖቹን አንድ በአንድ ዋጡ። ብርጭቆውን መለሱላት። ከዚያ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓትና፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስተው ጥለቱን ወደ ላይ አዞሩት።